በትሩ መቼ ኳስ ሆነ?

ይድረስ ለመምህሩ፤ ባሉበት።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የሚጽፈው የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። «እርስዎ» ብሎ ፊት ለፊት ያልጻፈበትን ምክንያት መምህሩ ያውቁታል፤ በግል የላከላቸው ሁለት መልእክቶች መልስ አላገኙም።

ነገሩን የቀሰቀሰው በቅርቡ ያሳተሙት ጽሑፍ ነው። ከእንሰት ቃጫ የወጣው የሴሉሎስ ናኖክሪስታል «አማካይ ዲያሜትሩ 112 ናኖሜትር ነው» ይላል። ተማሪው መስመሩን ሦስት ጊዜ አነበበው።

ምስጋናው ይቅደምና ይለቅ። ዝግጅቱ ንጹሕ ነው። ቃጫው በአልካሊ ተቀቅሎ ነጥቷል፤ በ64 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ፣ በ45 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለ45 ደቂቃ ቆይቶ የአሲዱ ሥራ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ እንዲቆም ተደርጓል። ዳያሊሲሱም ፒኤቹ እስኪረጋ ድረስ ለቀናት አልተቋረጠም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ እሳቸው አልቸኮሉም። ምስጋናው ይኸው ነው።

አሲዱ የሚሠራውን ከእሳቸው የተሻለ የሚያስረዳ አልነበረም። የተዝረከረከውን የሴሉሎስ ክፍል ይበላል፤ በሥርዓት የተደረደረውን ይተወዋል። የሚተርፈው ቀጭን በትር ነው፤ ውፍረቱ ከ10 ናኖሜትር ብዙም የማይዘል፣ ርዝመቱ ግን መቶና ከዚያ በላይ የሚሄድ። ስዊድናዊው ቤንግት ሮንቢ እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያየውም ይህንኑ መርፌ መሳይ ነገር ነው። ታዲያ 112 የሆነው የቱ ነው?

ቁጥሩ የመጣው ከዲኤልኤስ ነው። ይህ መሣሪያ ቅንጣት አያይም። ሌዘር ያበራል፤ ውሃ ውስጥ የሚርገበገቡት ቅንጣቶች የሚበትኑት ብርሃን በምን ፍጥነት እንደሚዋዥቅ ይከታተላል፤ ከዚያ «በዚህ ፍጥነት የሚንቀሳቀሰው ኳስ ቢሆን ኖሮ ስፋቱ ስንት ነበር?» ብሎ ያሰላል። 150 ናኖሜትር ርዝመትና 7 ናኖሜትር ውፍረት ያለው በትር በዚህ ስሌት 44 ገደማ ይወጣል። ርዝመቱም አይደለም፣ ውፍረቱም አይደለም። በዚያ ላይ በዚህ መጠን ስፋቱ እጥፍ የሆነ ቅንጣት የሚበትነው ብርሃን 64 እጥፍ ነው፤ ሳይላቀቁ የቀሩ ጥቂት ጥቅሎች ሺዎቹን ይጋርዷቸዋል። በድምፅ ሞገድ የሚበትናቸው ሶኒኬተር ለአንድ ግራም ስንት ጁል እንደሰጠ ደግሞ ጽሑፉ አይናገርም። ጥቅሎቹ መላቀቅ አለመላቀቃቸው የሚወሰነው ግን በዚያው ነው።

ዲኤልኤስ ይጣል ያለ የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አይኤስኦ 23151 የተባለው ደረጃ ቅንጣቶቹ በደንብ መበተናቸውን ለማረጋገጥ ይጠቀምበታል። መጠናቸውን የሚያስለካው ግን በአቶሚክ ፎርስና በትራንስሚሽን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው።

የሚያንገበግበው መምህሩ ይህን ማወቃቸው ነው። ያኔ ተማሪው የዲኤልኤስ ሰንጠረዥ ብቻ ይዞ ሲቀርብ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ምስሉስ የታለ?» ብለው የመለሱት እሳቸው ናቸው። የማይክሮስኮፕ ወረፋ አራት ወር ፈጀ፤ ምረቃውም አመለጠው። አልተቀየመም፤ እንዲያውም ያንን ቀይ ጽሑፍ ለራሱ ተማሪዎች ሲያሳይ ኖሯል። አሁን ምን ብሎ ያሳያቸው?

በእርግጥ በሽታው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ዛሬ የጤፍ ጭድ፣ ነገ የቡና ገለፈት፣ ከነገ ወዲያ እንቦጭ፤ ተክሉ ይለወጣል፣ ሰንጠረዡ ያው ነው። ክሪስታልነቱም ሲጋልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ለጥጥ ባወጡት፣ በኤክስሬይ ግራፍ ላይ ባሉ ሁለት ከፍታዎች ስሌት ይገመትና እንደ ሚዛን ውጤት እስከ አስርዮሽ ይጻፋል። ገምጋሚ ቁጥር ይጠይቃል፤ ዲኤልኤስ በደቂቃዎች ቁጥር ይሰጣል።

ተማሪው የሚጠይቀው ማረሚያ ነው። «ዲያሜትር» የሚለው «እንደ ኳስ ተሰልቶ የተገኘ» ተብሎ ይታረም፤ የጁሉ መጠን ይጨመር፤ በትሮቹ በምስል አንድ በአንድ ይለኩ። ብልቃጡ ቀድሞ እንደነበረው ማቀዝቀዣው ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ ካለ፣ አንድ ጠብታ ይበቃል። ወረፋውን እሱ ይይዛል፤ አራት ወር ጠብቆ ያውቃል።