«ወደመጣችሁበት ተመለሱ» የሚለን ማነው?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከጎጃም ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ልምጣ ወይስ ልቅር?» አለኝ። አፌ ተያዘ። አዲስ አበባ ከገባሁ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ፣ ለአንድ ጎረምሳ «ና» ወይም «ቅር» ማለት አቃተኝ። «እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ያዝኩ። ከፊቴ የቆሙ ከረባት ያሰሩ አዛውንት ለጎናቸው ሰው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «ከተማዋን ያጨናነቃት ከየገጠሩ የሚግተለተለው ነው። ለምን ወደመጣበት አይመልሱትም?» ሰልፈኛውም ራሱን ነቀነቀላቸው። እኔ የዚያን ዕለት ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ዝም አልልም።

ለመሆኑ ጌታዬ፣ እርስዎስ ከየት መጡ? አባትዎስ? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ከየአገሩ በመጣ ሰው የሞላች ከተማ ናት። ወሎ ሰፈር፣ ጎፋ ሰፈር፣ ጎጃም በረንዳ እያልን የምንጠራው ለጌጥ ነው እንዴ? ሽሮ ሜዳ ላይ ጋቢ የሚሸምነው፣ መርካቶ ውስጥ የሚነግደው፣ ፎቁ ላይ ሲሚንቶ የሚሸከመው ማነው? የትናንቱ መጤ የዛሬውን መጤ «መጤ» ሲለው ከመስማት የሚያሳፍር ነገር የለም።

አንባቢ እንዳይታዘበኝ፣ የከተማ ኑሮ ገነት ነው አልልም። በ1986 ዓ.ም. አባይ በረሃን ተሻግሬ አውቶቡስ ተራ ስወርድ በእጄ የነበረው አንድ ፌስታል ልብስና የዘመዴ አድራሻ ብቻ ነበር። ከተማዋ ሰጥታኛለች። ቀን እየሠራሁ ማታ ተምሬያለሁ። እናቴ ስትታመም ጥቁር አንበሳ አድርሼ አሳክሜአታለሁ፤ መንደር ብንሆን ኖሮ ከቃሬዛው ላይ አትወርድም ነበር። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳይጠይቀኝ ሥራ የሰጠኝ ሰው ያገኘሁትም እዚሁ ነው። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ወስዳብኛለችም። ከደሞዜ እኩሌታው ለቤት ኪራይ ነው። ውሃ በፈረቃ፣ ታክሲ በሰልፍ። በ1997 ኮንዶሚኒየም ተመዝገቡ ተባልን፣ ተመዘገብን። በ2005 እንደገና ተመዝገቡ ተባልን፣ እንደገና ተሰለፍን። እስከዛሬ ላም አለኝ በሰማይ ነው። አገሬ ላይ ሰው ሲሞት መንደሩ ሁሉ ያለቅሳል። እዚህ ግን ዕድር ከሌለህ ድንኳን የሚተክልልህ አታገኝም። ዕድር ለመግባት ደግሞ አንድ ቦታ ረግተህ መቀመጥ አለብህ። አከራይህ በየስድስት ወሩ «ልጄ ሊያገባ ነውና ቤቱን ፈልጌዋለሁ» እያለ ሲያስወጣህ የት ትረጋለህ? በ2016 የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ደግ አዋጅ ነው። ነገር ግን ውል እንዋዋል ያልኳቸው አከራይ «እንግዲያው ሌላ ቤት ፈልግ» አሉኝ። ሄጄ ልክሰሳቸው? የት እያደርኩ?

የመታወቂያውንም ነገር ላንሳው። ያኔ እንደመጣሁ አንድ ቀበሌ ሄድኩ። «መሸኛ አምጣ» አሉኝ። መሸኛ ለማምጣት ጎጃም ተመለስኩ። ይዤ ስመጣ «ቋሚ አድራሻ አምጣ» አሉኝ። ቤት ልከራይ ስል ባለቤቷ «መታወቂያ አለህ?» አለችኝ። በዚህ ዙረት ሁለት ዓመት አለፈ። በኋላ ዘመንም ለአዲስ ገቢ መታወቂያ መስጠት ቆሟል እየተባለ በር የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው አካባቢ የመኖር ነፃነት አለው ይላል። ወረቀቱ ይላል፤ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ግን አይልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ገጠሬው ለምን ባዶ እጁን ይመጣል? መሬቱን መሸጥ አይችልማ! መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ጥማዱን ለወንድሙ ትቶ ሲመጣ ከመሬቱ ለትራንስፖርት የሚሆን ሳንቲም አያገኝም። ብዙ ከቆየ ደግሞ ያቺኑም የይዞታ መብት ሊያጣት ይችላል። እንግዲህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በእሱ ደረሰ። በገዛ አገሩ ስደተኛ አድርገን ላክነውና መልሰን «ምን ይዘህ መጣህ?» እንለዋለን።

ሌላም አለ። በከተማዋ ዳር ያለው የኦሮሞ ገበሬ ወደ ከተማ አልሄደም፤ ከተማው ነው የሄደበት። እርሻው ላይ ቪላና ፋብሪካ ሲበቅል በትንሽ ካሣ ተነሥቶ፣ በገዛ ማሳው ላይ ዘበኛ የሆነ አለ። በ2006 የተነሣው የማስተር ፕላን ቁጣ ያንን ሁሉ ደም አፍስሶ በ2008 ፕላኑ ቀረ ተባለ። ታዲያ ይሄ ገበሬ ወዴት ነው የሚመለሰው?

የከተማው ተወላጅስ? በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ተወልደው ያደጉበትን ሰፈር ለቀው ዕቃቸውን ጭነው ወደ ዳር የወጡት ሰዎች ከየትኛው ገጠር ፈልሰው ነበር? ሦስት ትውልድ የኖረውም ትናንት የመጣውም በአንድ የጭነት መኪና ወጡ። እንግዲህ ጉዳዩ የት ተወለድክ አይደለም። ጉዳዩ እግርህ የቆመበት መሬት ያንተ ነው ወይስ አይደለም ነው። እርስ በርሳችን መጤና ነባር እየተባባልን ስንናቆር ጠያቂ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ስለጭንቅንቁ እናውራ ከተባለም፣ አስቀድማችሁ ቁጠሩን! የሕዝብ ቆጠራ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ1999 ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው ሊደረግ ነው ሲባል ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ። ስንት እንደሆንን ሳይታወቅ ስንት ውሃ፣ ስንት አውቶቡስ፣ ስንት ትምህርት ቤት እንደሚያስፈልግ በምን ተሰላ? ቤቱ ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ የማያውቅ አባወራ እንጀራው ለምን አነሰ ብሎ ልጆቹን ይደበድባል?

የእህቴ ልጅ መብራት ናፍቆት አይደለም የደወለው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ጦርነት መንደሩ ገብቶ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበታል። እናቱ ሌሊት ውሻ ሲጮህ አትተኛም። «መንደርህ ይሻልሃል» የሚለው ሁሉ መጀመሪያ ያቺን መንደር ሄዶ ይያት።

ማታ መልሼ ደወልኩለት። «መሸኛህንና የትምህርት ማስረጃህን ሳትይዝ እንዳትነሣ። ደላላ አትመን። ሥራ በአንድ ሳምንት አይገኝም፤ ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ። ቤቴ ጠባብ ናት፣ አንድ ፍራሽ ግን አታጣባትም። ና!» አልኩት።

ከረባት ያሰሩት አባቴ፣ እርስዎም ይስሙ። ልጁ መጥቶ ከኋላዎ ይሰለፋል። «ተመለስ» ከሚሉት ይልቅ ታክሲው ለምን እንደማይመጣ አብረን እንጠይቅ።

ቸር ይግጠመን።