የባልና የሚስት ቀጠሮ

በአማርኛ ቋንቋ «ቀጠሮ» የሚለው ቃል እጅግ የተከበረ ቃል ነው። ዳኛ ለባለጉዳይ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሐኪም ለበሽተኛ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሹምም ደጅ ለሚጠናው ሰው ቀጠሮ ይሰጣል። ቀጠሮውን ያፈረሰ ሰው ወይ ይቀጣል፥ ወይ ይቅርታ ይጠይቃል። እጮኛሞችም ከመጋባታቸው በፊት እንደ ዐይናቸው ብሌን የሚጠብቁት ቀጠሮ አላቸው። ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ ግን ይህ ቃል ከቤት ወጥቶ ይሄዳል። ባል ለሚስቱ፥ ሚስትም ለባሏ «ሐሙስ ማታ በአንድ ሰዓት እንገናኝ» ሲሉ መስማት ብርቅ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ሰዎች ምን ቀጠሮ ያስፈልጋቸዋል የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ሥር ሰዷል።

«ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳሉ» ይላል ያገራችን ምሳሌ። እውነት ነው። ነገር ግን ከአንድ ባሕር የተቀዳ ውኃም ቢሆን በሁለት እንስራ ተለይቶ ሊቀመጥ ይችላል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው ሁለቱ እንስራዎች አልፎ አልፎ ስለሚገናኙበት ምሽት ነው፤ ይኸውም ባልና ሚስት ለብሰውና ተውበው፥ መሰንቆና ጭፈራ ወዳለበት ጥሩ ምግብ ቤት ሄደው፥ እንደ እንግዳ ተቀምጠው ስለሚያሳልፉት ምሽት ነው። ለምሳሌ የምንወስደውም የካርቱምን ዴም ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ነገር ጥቅሙም ችግሩም በስደት አገር ጎልቶ ይታያል።

ዴም በሱዳን ዐረብኛ የሰፈራ ቦታ ማለት ነው። ሰፈሩ ከካርቱም መካከለኛ ከተማ በስተ ደቡብ ይገኛል። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ከመቀዳጀቷ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አሮጌዎቹ ዴሞች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ዐዲሶቹ ዴሞች እንዲዛወሩ ተደርጎ ነበር። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ዘመናት ጦርነትም፥ ድርቅም፥ የኑሮ ፍለጋም ወደ ሱዳን ያወጣቸው ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በዚህ ሰፈር ተሰበሰቡ። እንጀራው፥ ሽሮው፥ የሚቆላው ቡና፥ በየምግብ ቤቱ የሚሰማው የአማርኛና የትግርኛ ዘፈን ሰፈሩን ለሐበሻ ሁሉ መገናኛ አደረገው። የሱዳንና የኢትዮጵያ ዜማ ሁለቱም በብዛት በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚሄዱ ስለ ሆኑ፥ ሱዳናዊው ጎረቤትም ቃሉን ባያውቀው ዜማውን ያውቀዋል። መሐመድ ወርዲ በአዲስ አበባ፥ ጥላሁን ገሠሠ በካርቱም እንደ ባላገር መወደዳቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ገበታንና መድረክን በአንድ ቤት ማገናኘት ለእኛ ዐዲስ ነገር አይደለም። በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ በአዝማሪ ቤት የተቀመጠ እንግዳ እየበላና እየጠጣ ሲደመም ኖሯል። የዘመናዊ ቴአትራችን መነሻም ቢሆን ከእንግዳ መቀበያ ቤት የራቀ አልነበረም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ተውኔት ለተመልካች የታየው በአዲስ አበባ ቴራስ በተባለው ሆቴል ውስጥ ነው። ለቴአትር ተብለው የተሰናዱት ቤቶች የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ለሀገር ፍቅር ቴአትር መሠረት ሆነ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውም በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በቅርብ ዘመን ደግሞ በአዲስ አበባ «የባህል ምግብ ቤት» የሚባሉት ሰፋፊ አዳራሾች ተነሥተው፥ በመሶብ ዙሪያ የተቀመጠው እንግዳ የየብሔረሰቡን ጭፈራ በተራ እንዲያይ አደረጉ። በዴም የነበሩት ቤቶች በስፋትም ሆነ በጌጥ ከነዚህ ጋር አይወዳደሩም፤ አሳባቸው ግን አንድ ነበር።

እንግዲህ በዴም የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ነበሩ ብለን እናስብ። ባል ከጧት እስከ ማታ በጋራዥ ይሠራል። ሚስት በሰው ቤት ተቀጥራ ታገለግላለች። ሲገናኙ ሁለቱም ደክሟቸዋል። ንግግራቸው «የቤት ኪራይ ደረሰ»፥ «ለእናትሽ ተላከላቸው ወይ?»፥ «የመኖሪያ ፈቃዱ መቼ ያልቃል?» ከሚለው አይወጣም። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦችም እንዲሁ ሊጠያየቁ ይችላሉ። ባልና ሚስቱ ሳይጣሉ፥ ሳይከፋፉ፥ ቀስ በቀስ የጋራ ሒሳብ ያዦች ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ትዳርን የሚያፈርሰው ሁልጊዜ ጠብ አይደለም፤ ዝምታም ያፈርሰዋል።

እነዚህ ሰዎች በወር አንድ ምሽት ለብቻቸው ቢለዩ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ቀኑን መምረጥ ግድ ይሆንባቸዋል። በሱዳን የሥራ ዕረፍት ቀን ዓርብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ለኦርቶዶክስ ክርስቲያን የጾም ቀን ነው። ስለዚህ ሥጋ የሚያምረው ሐሙስ ማታ ይሄዳል፤ ዓርብን የመረጠ ደግሞ በያይነቱን አዝዞ ይጾማልም ይዝናናልም። ቀጥሎ ልብስ ይታሰባል። ለሠርግና ለበዓል ብቻ ከሣጥን የሚወጣው የሐበሻ ቀሚስ ይወጣል፤ የባል ሸሚዝ ይተኮሳል። ከዚያም ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እንጀራው በአንድ ትሪ ይቀርባል። ገበታችን የጋራ ስለ ሆነ እጅና እጅ ይገናኛል፤ ባል ለሚስቱ፥ ሚስትም ለባሏ ያጎርሳሉ። ጉርሻ «ጎረሰ» ከሚለው ግሥ የመጣ ቃል ሲሆን፥ በአፍ ሊነገር የሚያሳፍረውን ፍቅር በእጅ መናገሪያ ነው።

መድረኩም የራሱ አገልግሎት አለው። ዘፋኙ ሲዘፍን ሁለቱ ዝም ብለው ቢቀመጡ ዝምታቸው አያስፈራም፤ አብረው ያዳምጣሉና። ዘፈኑ ሲያበቃ የሚያነጋግር ነገር ያገኛሉ። አንዱ ዜማ የወጣትነታቸውን ዘመን፥ ሌላው የትውልድ መንደራቸውን ያነሣል። እስክስታው ሲመታ ባል «ነይ እንውረድ» ቢላት፥ በቤት ውስጥ ለዓመታት ያላያትን ሴት በዚያች ሰዓት ሊያይ ይችላል። ኪራዩና መላኪያው ለዚያች ምሽት ከገበታው ይነሣ፤ ለእነርሱ ሌላ ማታ ሞልቷል።

ይሁን እንጂ አዝማሪው ወደ ገበታው ሲመጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ በየመሶቡ እየዞረ እንግዳውን በስሙ፥ በመልኩ፥ በአለባበሱ ያወድሳል። እንግዳውም ስንኝ አሰናድቶ «ተቀበል!» ይለዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። በዚህ ጊዜ ሰምና ወርቅ ይፈተላል፤ ላይ ላዩን ምስጋና የሚመስለው ቃል ውስጡ ሽሙጥ፥ ላይ ላዩን ሽሙጥ የሚመስለውም ውስጡ ምስጋና ሊሆን ይችላል። አማርኛ የሚማር ሰው ከመጽሐፍ ቶሎ የማያገኘውን ትምህርት እዚህ ያገኛል። አደጋው ግን ከሽልማቱ ላይ ነው። አዝማሪውን ብር እያወጡ መሸለም የቆየ ደንብ ነው፤ በጎረቤት ገበታ ያለው ሰው አንድ ሲሸልም ሁለት ልሸልም የሚል ባል ግን የወሩን ኪራይ በአንድ ዘፈን ይጨርሳል። እንዲህ ያለው ባል ምሽቱን ለሚስቱ ሳይሆን ለጎረቤት ገበታ ሰጠ ማለት ነው። ሚስት ፊቷ ሲጠቁር ካየ የአዝማሪው ምስጋና ምን ይጠቅመዋል?

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ባልና ሚስት የሁለት ሰው ዕቁብ ይግቡ። በየሳምንቱ ጥቂት ገንዘብ ለየብቻቸው አዋጥተው በአንድ ቦታ ያኑሩ፤ ወሩ ሲሞላ ያለው ገንዘብ ምግቡን፥ መጓጓዣውንና ሽልማቱን ይሸፍን፤ ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም አትውጣ። ለሽልማት የተመደበችውን ገንዘብ ሚስት ብትይዛት ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ግብዣው የባል ቸርነት መሆኑ ይቀርና የሁለቱ ይሆናል።

ሌላም ችግር አለ፤ እርሱም «ሰው ምን ይላል?» የሚለው ነው። በአገራችንም ሆነ በሱዳን ማታ ወጥቶ መዝናናት ለረጅም ዘመን የወንድ ድርሻ ሆኖ ኖሯል። ወንዱ ከጓደኞቹ ጋር ሲያመሽ «ደክሞት ነው» ይባላል፤ ሴቲቱ ብታመሽ ስሟ ይነሣል። በሱዳን ይህ ነገር በሕግ ጭምር የተደገፈበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የአልኮል መጠጥ ተከለከለ። ከዚያ በኋላ የመጣው የሕዝባዊ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የሴቶችን አለባበስና የሙዚቃ ምሽቶችን ሳይቀር የሚቆጣጠር ስለ ነበር፥ ሻይና ቡና እየሸጡ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያት ብዙ ተንገላተዋል። ይህ ሕግ በሱዳን ከተነሣው የሕዝብ አመፅ በኋላ በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. ተሻረ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወርም ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች መጠጥ ተፈቀደ። ሕግ ሲሻር ግን ሐሜት አብሮ አይሻርም። ሐሜትን የሚሽረው ባል ራሱ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር በሚያመሽበት ቤት ሚስቱን በክብር አስቀድሞ ሲገባ ያየው ጎረቤት በሚቀጥለው ወር የራሱን ሚስት ይዞ ይመጣል።

«ይህ ሁሉ ለቅንጦት ነው፤ ስደተኛ ምን ዐይነት መዝናናት ያስፈልገዋል?» የሚሉ አንባቢዎች እንዳሉ እናውቃለን። መልሱን የሰጠው የዴም የራሱ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ዕለቱ ለኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ቀዳም ሥዑር፥ የፋሲካ ዋዜማ ነበር፤ ለሙስሊሞችም የረመዳን ጾም መጨረሻ የቀረበበት ሰሞን ነበር። ለሌሊቱ ቅዳሴና ለነጋው ገበታ ሰው በሚሰናዳበት ቀን የጦር አውሮፕላንና የመድፍ ድምፅ ከተማውን ሞላው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሺሕ ሰው ካርቱምን ለቀቀ። ከኢትዮጵያውያኑ ብዙዎቹ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ፤ ሌሎቹ ወደ ፖርት ሱዳን፥ ወደ ደቡብ ሱዳን፥ ወደ ግብፅ ተበተኑ። የሱዳን ሠራዊት ዋና ከተማውን መልሶ የያዘው ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ነው።

እንዲህ ባለው ቀን ሰው የሚይዘው የሚሸከመውን ብቻ ነው። አዳራሹ፥ መድረኩ፥ መሶቡ ከኋላ ይቀራል። መተማ ላይ በድንኳን ጥላ ሥር የተቀመጡ ባልና ሚስት ግን ቀድሞ በወር አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጦ መነጋገርን ለምደው ከነበረ፥ ያ ልማድ አብሯቸው ይሻገራል። ቡና ከተገኘ ቡና አፍልተው፥ ካልተገኘም በባዶው ተቀምጠው «ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ቀጠሯችን ነው» ለመባባል ይችላሉ። ልማዱ ያልነበራቸው ደግሞ በመከራ ጊዜ ሊጀምሩት ይቸገራሉ፤ ጭንቀት ሰውን ያሳጥረዋልና ቃል ሲጠፋባቸው አንዱ በሌላው ይፈርዳል።

እኛ በሰላም አገር፥ በመሥሪያ ቤታችን ተቀምጠን የምንሠራ ሰዎች ከዚህ የምንማረው አለን። ለስብሰባ፥ ለኮሚቴ፥ ለእንግዳ መቀበያ የምንይዘው ማስታወሻ ደብተር አለን። በዚያ ደብተር ከወሩ ሠላሳ ቀኖች በአንዱ ላይ የባለቤታችንን ስም እንጻፍ። አቅም ያለው መሰንቆ ወደሚመታበት ጥሩ ቤት ይውሰዳት፤ አቅም የሌለው ሻይ ቤት ይበቃዋል። ነገር ግን በተባለው ሰዓት ይድረስ፤ ስልኩን ይዝጋ፤ ወዳጆቹን ወደ ገበታው አይጥራ፤ ከርሱ ይልቅ እርስዋ ብዙ እንድትናገር ይፍቀድ። አለቃው በቀጠረው ሰዓት እንደማይቀር ሁሉ፥ ሚስቱ በቀጠረችውም ሰዓት አይቅር።