ባዶ ወንበር የሚከበርበት አዳራሽ

ስለ ወንበር ልጽፍ መሆኑን የሰማ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ሌላ ችግር አጣህን?» ብሎ ሳቀብኝ። ሌላ ችግር መኖሩን አላጣሁትም። ይሁን እንጂ ሰው ለሰው ያለው ግምት ከሚገለጥባቸው ቦታዎች አንዱ አዳራሽ ነው። ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ፣ ማንስ ከበር ውጭ እንደሚሆን ሲደለደል ያየ ሰው ስለ አገሩ ጠባይ ብዙ ይማራል። ስለዚህ ስለ ወንበር እጽፋለሁ።

ባለፈው ዓመት በአንዲት የዞናችን ከተማ ከአዲስ አበባ የመጣ የኪነት ቡድን ሙዚቃዊ ተውኔት ያሳይ ነበር። በዘፈንና በውዝዋዜ የሚተረከው ታሪክ የእኛው ነው፤ ሠርጉም፣ መስቀሉም፣ ጀፎረውም የቸሃ ነው። አያቴ ይህን ሰምታ ከእምድብር አጠገብ ካለው መንደራችን በጠዋት ተነሥታ በሚኒባስ መጣች። እንደ ማንኛውም ተመልካች ከፍላ ትኬት ቆረጠች። ጊዜው ገና ስለ ነበር ቀድመን ገብተን ከፊት አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ወዲያው አንድ ወጣት አስተናጋጅ መጣና «እማማ፣ ይህ ቦታ ለእንግዶች የተያዘ ነው፤ ወደ ኋላ ይለፉ» አላት። አያቴም «እኔስ እንግዳ አይደለሁምን? ከመንደሬ ነው የመጣሁት» ብላ ጠየቀችው። ልጁ አፍሮ መሬት መሬቱን አየ፤ ነገር ግን ታዞ ነውና አስነሣን።

ከፊት አምስት ረድፍ ሙሉ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ይጠብቅ ነበር። ትርዒቱም እንግዶቹን ሲጠብቅ አንድ ሰዓት ያህል ዘገየ። በመጨረሻ ከተጠሩት መካከል ጥቂቶች መጥተው ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ፤ የቀረው አራት ረድፍ እስከ ፍጻሜው ድረስ ባዶውን አመሸ። አያቴ ከምሰሶ ኋላ ሆና አንገቷን ወዲያና ወዲህ ስታደርግ ቆየች። በልጅነቷ የሠርግ ዘፈን አውራጅ የነበረች ሴት የራሷን ዘፈን ሰማች እንጂ የራሷን ጭፈራ አላየችም። ተወዛዋዦቹ የቸሃን ጭፈራ ለአራት ረድፍ ባዶ ወንበር ሲጨፍሩ፣ ቸሃዎቹ ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር።

እስቲ የክብሩን ነገር ለጊዜው እንተወውና ጉዳዩን በዓይንና በጆሮ ብቻ እንመርምረው። ሙዚቃዊ ተውኔት ለማየት የመጀመሪያው ረድፍ መልካም ቦታ ነውን? አይደለም። የመድረኩ ወለል ከተቀመጠ ሰው ዓይን ብዙም ዝቅ ስለማይል፣ ከፊት የተቀመጠ ተመልካች የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ተወዛዋዦች ብቻ ነው፤ ከኋላቸው ያሉት በእነርሱ ይጋረዳሉ። የጉራጌ ጭፈራ ውበቱ ደግሞ በእግር ፍጥነትና በቡድኑ አንድነት ነው። አንድነቱን ለማየት ራቅ ማለት ያስፈልጋል። የድምፁም ነገር እንዲሁ ነው። ድምፅ ማጉያዎቹ በመድረኩ ግራና ቀኝ ስለሚቆሙ፣ ከፊት ዳር የተቀመጠ ሰው አንዱ ጆሮው ሲደነቁር ሌላው ይራባል፤ ከበሮው የዘፋኙን ቃል ይውጥበታል። ለማረጋገጥ የሚፈልግ የድምፅ ባለሙያው ጠረጴዛውን የት እንደሚዘረጋ ይመልከት። ሲመቸው ከአዳራሹ መሐል ነው፤ ሁለቱም ወገን እኩል የሚሰማው ከዚያ ነውና።

እጅግ ወደ ኋላ መራቅም አይበጅም። ብዙዎቹ የከተማ አዳራሾቻችን ለስብሰባ የታሰቡ በመሆናቸው ወለላቸው ሜዳ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የሰው ራስ ነው። ፎቅ ያለው ቲያትር ቤት ከሆነ ከፎቁ ሥር ጥልቅ ብሎ የገባው መቀመጫ ድምፁ ይታፈናል፤ የፎቁ የፊት ረድፍ መሐሉ ግን ውዝዋዜ ለሚወድ ሰው ማለፊያ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ስንዘጋው፣ በዚያች ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ምርጡ ቦታ አያቴ የተነሣችበት አራተኛው ረድፍ ነበር። ያ ቦታ ለማንም ሳይጠቅም ባዶውን አደረ። የመጡት እንግዶችም ክብር ያገኙ መስሏቸው ደኅና ከማይታይበት ስፍራ ተቀመጡ።

ነገሥታት እንኳ ይህን ስሕተት አልሠሩም። እ.ኤ.አ. በ1737 የተከፈተውን የኔፕልስን የሳን ካርሎ ኦፔራ ቤት ያየ ሰው የንጉሡን መቀመጫ ከመድረኩ ሥር አያገኘውም፤ ከኋላ፣ ከፍ ብሎ፣ ፊት ለፊት ነው። በግራና በቀኝ የተደረደሩት የመኳንንቱ ክፍሎች ግን ለማየት ያህል ለመታየትም የተሠሩ ነበሩ። ጀርመናዊው ቫግነር እ.ኤ.አ. በ1876 በባይሮይት የራሱን ቲያትር ሲከፍት የጎኖቹን ክፍሎች አስቀርቶ ወንበሮቹን በአንድ ተዳፋት ላይ ደረደራቸው፤ ሙዚቀኞቹንም ከመድረኩ ፊት ጉድጓድ ውስጥ ሸሸጋቸው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሰው ቲያትር ቤት የሚገባው ትርዒቱን ለማየት እንጂ እርስ በርሱ ለመተያየት አይደለም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓላማው ጠላት በደጅ ሳለ ሕዝቡን ማነቃቃት ነበር፤ ሙዚቃውም የታሰበው ለሕዝቡ ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው ቤት በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ተከፈተ። ሆኖም እነዚህን መድረኮች ያሞቋቸው ሰዎች ከየት መጡ? ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ ስንመጣ በምናልፍባት በወሊሶ፣ የሀገር ፍቅር ባለሙያዎች በ1940ዎቹ ትርዒት ሊያሳዩ ወደ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት በሄዱ ጊዜ ከተመለከቷቸው ልጆች አንዱ ጥላሁን ገሠሠ ነበር። የመርካቶው ልጅ ማሕሙድ አሕመድም ጫማ ሲጠርግ ያደገ ነው፤ በአሪዞና የምሽት ክበብ ተቀጥሮ ሲሠራ ነው የክቡር ዘበኛን ሙዚቀኞች እያዳመጠ አንድ ሌሊት መድረክ የወጣው። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ወንበር ለሁለቱም አልተያዘላቸውም ነበር። ዛሬ ከበር የምንመልሰው ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?

«ክብርን ማጥፋት ነው የፈለግህ» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። እኔ ያደግሁት በጀፎረ ነው። ሁለት ወገን በተሰለፉት ቤቶች መካከል የተዘረጋው ያ ሰፊ አረንጓዴ ጎዳና ሠርጋችን የሚደገስበት፣ ለቅሷችን የሚወጣበት፣ መስቀላችን የሚደምቅበት ነው። በዚያ ሽማግሌ ሲመጣ ጎልማሳ ይነሣል፤ ጥላው ለአረጋዊ ይለቀቃል። ነገር ግን ጥላው የሚለቀቀው ለመጣ ሽማግሌ ነው እንጂ ላልመጣ ሹም አይደለም። በአዳራሻችን የሆነው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የመጣችው አረጋዊት ተነሥታ ላልመጣው ቦታ ተያዘለት። ይህ የአባቶቻችን ባህል ነው የሚል ቢኖር አባቶቻችንን ያማል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንዙር፤ ጣትን ወደ ሹማምንት ብቻ መቀሰር ቀላል ነውና። በግቢያችን የሙዚቃ ምሽት ሲዘጋጅ ምን እናደርጋለን? አንዱ ቀድሞ ገብቶ ለስምንት ጓደኞቹ ስምንት ደብተር በስምንት ወንበር ላይ ይዘረጋል። የማኅበሩ ተመራጮች ራሳቸውን «አስተባባሪ» ብለው መሐሉን ይይዛሉ። ከመምህራኖቻችንም ጥቂቶች ዘግይተው መጥተው የተቀመጠ ተማሪ እንዲነሣላቸው ይጠብቃሉ። አዲስ የገባው ተማሪ ግን ግድግዳ ተደግፎ ያመሻል፤ ዝምም ይላል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው፣ ዝም ያለውን ሁሉ ማስነሣት ልማድ ሆነ። ዛሬ ደብተር ዘርግቶ ወንበር የሚይዝ ተማሪ ነገ ሹመት ሲያገኝ ነጭ ጨርቅ ቢዘረጋ ምን ይገርማል?

ስለዚህ በሚቀጥለው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ እንዲወሰን የማቀርበው ይህ ነው። አንደኛ፣ ማናቸውም ትርዒት ወንበሩ ቁጥር፣ ትኬቱም ያው ቁጥር ይኑረው፤ መጀመሪያ የቆረጠ መጀመሪያ ይምረጥ። ሁለተኛ፣ ለክብር እንግዶች ከአንድ ረድፍ ያልበለጠ ይያዝ፤ ትርዒቱ በሰዓቱ ይጀመር፤ መጋረጃው ሲከፈት ባዶ የተገኘ ወንበር ሁሉ ለቆመ ሰው ይለቀቅ። ሦስተኛ፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ከመተላለፊያው አጠገብ፣ ደኅና ከሚታይበት ቦታ ይጠበቅላቸው። አራተኛ፣ ይህን ደንብ በመጀመሪያ የማኅበሩ ተመራጮች በራሳቸው ላይ ይፈጽሙት፤ እኛ ያልጀመርነውን ከሌላ ልንጠይቅ አንችልምና።

ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አላነሣሁም፤ ቁጥር ለመጻፍ ጥቂት ቀለም፣ በሰዓቱ ለመጀመር ጥቂት ድፍረት ይበቃል።

አያቴ ትርዒቱ አልቆ ስንወጣ «እንዴት ነበር?» ብላት «ዘፈኑ ደስ ይላል፤ ግን ለማን ነበር የሚጨፍሩት?» አለችኝ። መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። ጥያቄዋን ለእናንተ አስተላልፌአለሁ፤ በስብሰባው ቀን መልሱን ይዛችሁ ኑ።