ችግኟ አልጸደቀችም፤ ኃጢአቱስ የማን ነው?

እኛ ሐዘን ላይ ነን። ድንኳን አልጣልንም፣ ዕድርም አልጠራንም። የሞተችብን አንዲት ጽጌረዳ ናት። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ተከራክረን የገዛናት፣ በጥቁር ፕላስቲክ እንዳለች ታክሲ ውስጥ ጭናችን ላይ አስቀምጠን ያመጣናት፣ ከተተከለች ገና ሁለት ወር ያልሞላት ጽጌረዳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሦስት ሆነን አንድ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። አከራያችንን እማማ ነው የምንላቸው። እማማ ደጃፋቸው ላይ ባለቤታቸው የተከሉላቸው አንዲት ያረጀች ጽጌረዳ ነበረቻቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዱካቸውን ይዘው እሷ አጠገብ ቁጭ ብለው ነበር ቡናቸውን የሚጠጡት። አምና እሷም ደረቀች። ዱካውም ጓዳ ገባ።

እኛም ተማከርንና ሐምሌ ላይ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ገዝተን እዚያው አሮጌዋ በተነቀለችበት ጉድጓድ ተከልናት። እማማ መረቁን። ዱካው ከጓዳ ወጣ። በነሐሴ አጋማሽ ቅጠሏ ቢጫ መሆን ጀመረ። ለዕንቁጣጣሽ ደረቅ እንጨት ነበረች።

እስኪ አሁን ሰፈሩ የሰጠውን ፍርድ ስሙልን። አንደኛዋ ጎረቤት «ዓይን ነው» አሉ። ሌላዋ «እጃችሁ አይረባም» አሉን። ጡረተኛው ጋሼ ግን ከሁሉም የባሰውን ተናገሩ፦ «የዘንድሮ ችግኝ እንደ ዘንድሮ ልጅ ነው፤ ጽናት የለውም። የድሮዋ ስንት ዘመን ኖረች!» ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እማማም «ዕድሏ ነው፣ ምን ይደረግ» ብለው ዱካቸውን አነሱ። መዝገቡ ተዘጋ።

እኛ ግን ይግባኝ ብለናል!

በአማርኛችን ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» ይባላል። ነፍስም ገነት ስትገባ «ጸደቀች» ነው የምትባለው። ታዲያ «ችግኟ አልጸደቀችም» ስንል ሳናስበው ፍርዱን አብረን እንሰጣለን፤ ራሷ አጥፍታ ራሷ የተኮነነች ይመስላል። አፈሩን የሚከስ የለም። ጉድጓዱን የሚከስ የለም። ተካዮቹንም ቢሆን ቢበዛ እጃቸውን ነው የሚሰድቧቸው እንጂ «ምን አደረጋችሁ?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም።

ስለዚህ ቆፈርን። የአስከሬን ምርመራ በሉት። ሥሯ ከፕላስቲኩ ስትወጣ የነበረውን ቅርጽ እንደያዘ ነው፤ አንድ ጣት እንኳ ወደ ጎን አልሄደም። ጫፉ ጠቁሮ ሲነኩት ይላጣል። ከጉድጓዱ ግርጌ የአሮጌዋ ሥር ቁርጥራጭ ሞልቷል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ የገባበት ውሃ በቀላሉ አይወጣም። በዚያ ላይ (ይህን የምንናገረው አፍረን ነው) ሰማዩ እያፈሰሰ እኛ ሦስታችንም በየተራ ውሃ እናጠጣት ነበር። አንዳችን ደግሞ ከፍቅር ብዛት ያልተብላላ ትኩስ ፍግ ጨምሮባታል። ትኩስ ፍግ ለጋ ሥር ያቃጥላል፤ ውሃ የተኛበት ሥርም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። እኛ ሁለቱንም ጋበዝናት።

ትልቁ ጥፋት ግን ሌላ ነው። ጽጌረዳ ለዓመታት በኖረችበት አፈር ላይ ሌላ ጽጌረዳ መትከል በብዙ አገር ያሉ አትክልተኞች የሚፈሩት ነገር ነው። አዲሷ ትቀጭጫለች፣ አንዳንዴም ትሞታለች። በአሮጌው ሥር ዙሪያ የሚከማቹ ፈንገሶችና በዓይን የማይታዩ ትሎች ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። አሮጊቷ ከእነሱ ጋር ተቻችላ ኖራለች፤ ገና ሥር ያልሰደደችው ግን አትችላቸውም። የሚመከረው ግማሽ ሜትር ያህል በጥልቀትም በስፋትም ቆፍሮ አፈሩን ማውጣትና ጽጌረዳ ካልበቀለበት ቦታ በመጣ አፈር መተካት ነው። ካልሆነም ሌላ ቦታ መትከል።

ስለዚህ ጋሼ፣ አክብሮታችን እንዳለ ሆኖ፣ የድሮዋ ረጅም ዘመን የኖረችው ከዘንድሮዋ ስለበለጠች አይደለም። የድሮዋ ስትተከል አፈሩ አዲስ ነበር!

ጽናትማ ጽጌረዳ አላት። ቀጋ ማን ሆነና? በደጋው በየቁጥቋጦው መሀል ማንም ሳያጠጣው ነጭ አበባውን የሚያወጣው የአገራችን የዱር ጽጌረዳ አይደለም? ሆለታን፣ ቢሾፍቱን፣ ባቱን ተመልከቱ። ኢትዮጵያ አበባ ወደ ውጭ በመላክ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ የሆነችው በዘንድሮ ችግኝ ነው። እዚያ ግን በግሪንሃውስ ውስጥ ውሃውም ማዳበሪያውም ተለክቶ ይሰጣል። ችግኝ ቢሞት «ዓይን ነው» ብሎ የሚያልፍ ባለሙያ ደመወዝ አይከፈለውም።

ይህ ነገር ከእማማ ግቢ የሚያልፍ ይመስለናል። ሦስት ሰው ተማርሮ በለቀቀው ወንበር ላይ አራተኛው ተመራቂ ይቀመጣል፤ በስድስት ወሩ ሲለቅ «የዘንድሮ ልጅ ሥራ አይወድም» ይባላል። ወንበሩን ያየ የለም። አባትና እናት አሥር ዓመት በተኮራረፉበት ቤት አዲስ ሙሽሮች ይገባሉ፤ ሲጣሉ «የዘንድሮ ትዳር» ይባላል። ቤቱን ያየ የለም። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይህንን ነው። አፈሩ ባለቤት አለው፣ ይከበራል፣ ይፈራል። ችግኝ ግን አፍ የላትም።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። ገበያ ላይ ስንመርጥ አበባዋን እንጂ ሥሯን አላየንም፤ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! በክረምት ውሃ ያፈሰስነው እኛ ነን። ተክለን ፎቶ ከተነሣን በኋላ «ለምን ቢጫ ሆነች?» ብለን ለመጠየቅ ሦስት ሳምንት የፈጀብንም እኛው ነን። አፈሩ ነው ብሎ መክሰስ የሚያምርበት መጀመሪያ አፈሩን የቆፈረ ሰው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በአጥሩ በኩል፣ በቀን ለስድስት ሰዓታት ያህል ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ ላይ፣ አዲስ ጉድጓድ ቆፈርን። ምንም አልተከልንም። ውሃ ሞላንበትና ጠበቅን። ጠዋት ስናይ ውሃው ሰርጓል። እማማ ከደጃፋቸው ሆነው ሲያዩን ቆዩና «እዚያ ጋ እኮ ጥላ የለም» አሉ።

«ለጽጌረዳዋ ጥሩ ነው፣ እማማ።»

«ስለ እሷ መች አልኩ? ስለ ዱካዬ ነው እንጂ።»

ጃንጥላ እንገዛለን ብለናል። ቸር እንሰንብት።