ሕመምተኛውን ለጣቢያ ከማስረከባችን በፊት

ባለፈው የገበያ ቀን የሆነውን አብዛኞቻችሁ አይታችኋል፤ ያላየም ሰምቷል። ሕመሙ የተነሳበት አንድ የሰፈራችን ልጅ እየጮኸ በእህል ተራ ሲያልፍ ልጆች ድንጋይ ወረወሩበት፤ እሱም ዱላ አነሳ። ወዲያው «ፖሊስ ጥሩ!» ተባለ። «እናቱን ጥሩ» ያለ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ልጁ በእኛው እጅ፣ በእኛው ገመድ ተጠፍሮ ነበር። የመጀመሪያ ሥራቸው ገመዱን ማላላት ሆነ። አፍረናል፤ ማፈርም ይገባን ነበር።

ልጁ አሁን መድኃኒት ጀምሯል። ዳሩ ግን በዚያች ሰዓት «ወደ ሐኪም ይሂድ» «የለም፣ ወደ ጣቢያ» በሚል መንገድ ላይ የተደረገውን ክርክር እንዲሁ ልናልፈው አይገባም። ነገ የማን ልጅ እንደሚሆን ማን ያውቃል?

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 48 ላይ፣ በሕመም ምክንያት የሚሠራውን የማያውቅ ወይም ራሱን መግዛት ያልቻለ ሰው በወንጀል እንደማይቀጣ ይናገራል። ጥርጣሬ ካለ የሚመረምረው ባለሙያ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ደንግጓል። ታዲያ ምንም ያላጠፋ ሕመምተኛ «እስኪሻለው ይቀመጥልን» እየተባለ ጣቢያ የሚከርምበት ምን ሕግ አለ? ይህን ስንል ፖሊስን ብቻ ለመውቀስ አይደለም። «ለጥቂት ቀን አሳድሩልን» ብሎ ደጅ የሚጠናው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ነውና።

ሁለተኛው ነገር ከሕጉ ይብሳል። የሚለፈልፍ ሁሉ እብድ አይደለም። ወጣቶቻችን ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳሉ፤ አንዳንዱ ወባ ይዞ ይመለሳል። ወባ ጭንቅላት ላይ ሲወጣ ሰውን ያቃዠዋል፣ ያስጮኸዋል፣ ከአልጋ አስነስቶ ያስሮጠዋል። ማጅራት ገትርም እንዲሁ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲወርድበት የሰከረ ይመስላል። የሚጥል በሽታ ያለበት ከጣለው በኋላ ሲነቃ ያገኘውን ሊገፈትር ይችላል። አራስም በወለደች በቀናት ውስጥ ሐሳቧ ሊናወጥ ይችላል። እነዚህን ሰዎች እስር ቤት ማሳደር ሞት ሊያስከትል ይችላል፤ ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባ እስኪነጋ አይጠብቅምና። ፖሊስም ሆነ ጎረቤት ሰውነቱ ይተኩስ እንደሆነ በእጁ ዳስሶ ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልገውም።

ከሩቅ አገር አንድ ነገር እናንሳ፤ ሩቅ ይባል እንጂ ሰዎቹ ሩቅ አይደሉም። ከቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከዚሁ ከጎንደር ምድር የሄዱ ናቸው። ጥር 10 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እኛ ከተራ በምናከብርበት ዕለት፣ ይሁዳ ቢያድጋ የተባለ የ24 ዓመት ወጣት በእስራኤል ባት ያም ከተማ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። የአእምሮ ሕመም ነበረበት። ቢላዋ ይዞ ከቤት ስለወጣ ለፖሊስ የደወሉት የገዛ ቤተሰቦቹ ነበሩ። ይዳንልን ብለው ጠርተው ሬሳ ተቀበሉ። ጥር 22 ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቴል አቪቭ ላይ አደባባይ ወጡ። በአሜሪካን አገር ሜምፊስ ከተማም በመስከረም 1980 ዓ.ም. ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ነበር። እዚያ ግን ከተማው በዓመቱ ለተመረጡ ፖሊሶች የ40 ሰዓት ትምህርት ማስተማር ጀመረ፤ ሆስፒታሉም ፖሊስ ያመጣውን ሕመምተኛ ሳያጉላላ እንዲቀበል ተስማማ።

በእኛስ በኩል? በዚህ ጠመንጃ በበዛበት ጊዜ በሌሊት የሚጮህ ሰው ለራሱም ለጠባቂውም አደጋ ነው፤ ስለዚህ ፖሊስ አይምጣ አንልም። ዱላ ወይም ስለት የያዘ ካለ ይምጣ። ሲመጣ ግን የመጀመሪያ ሥራው እኛን መበተን ይሁን። ሕመምተኛውን የሚያስበረግገው ከብቦ የሚያይ ሕዝብ ነው። ከዚያ ራቅ ብሎ ይቁም፤ አንድ ሰው ብቻ፣ በስሙ ጠርቶ፣ በቀስታ ያናግረው፤ ውኃ ይስጠው። መጨረሻው ግን ጣቢያ ሳይሆን ሕክምና ይሁን። ሕክምናው ያለው አዲስ አበባ አማኑኤል ብቻ ነው የሚለው ወሬ ያረጀ ነው፤ ዛሬ ደብረ ታቦርም ጎንደርም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦችንም አንነቅፍም። ጠበሉም ይጠመቅ፣ ኪኒኑም ይዋጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሰንሰለቱን ግን እንቃወማለን። ያሰሩት እናቶችና አባቶች ጨካኞች ስለሆኑ አይደለም፤ እርሻ የሚውሉ፣ የሚጠብቅላቸው ያጡ ሰዎች ናቸው። ጎረቤት በተራ ቢጠብቅ ስንቱ ሰንሰለት በተፈታ ነበር!

በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ በዚሁ ጉዳይ ይሰበሰባል። ዕድሮች ሕመም ለተነሳበት ሰው የባጃጅና የመኪና ኪራይ ከሣጥናቸው ይከፍሉ እንደሆነ ይመከራል። ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ በየተረኛው ለዚህ የሚጠራ አንድ ሰው እንዲመድብ፣ የጤና ባለሙያዎችም ሌሊት ማን እንደሚገኝ እንዲነግሩን በደብዳቤ ይጠየቃል። ታማሚ በቤታቸው ያለ ወላጆች ቀድመው ቢናገሩ ደስ ይለናል፤ በሕዝብ ፊት መናገር የከበዳቸው ለማኅበሩ ጸሐፊ ለብቻ ማስረዳት ይችላሉ።