ስንቁን ያልያዘ ፕሮግራም

ልጆቻችን ፕሮግራም መጻፍ እየለመዱ ነው። አንዱ በትምህርት ቤት ክበብ፣ ሌላው በክረምት ሥልጠና፣ አንዳንዱም ብቻውን ዩቲዩብ እያየ። ደስ የሚል ነገር ነው። ሆኖም ወላጆች ልታውቁት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ልጃችሁ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ የሚያሳያችሁ ፕሮግራም ገና መንገዱን አጋምሶ ነው። የቀረው መንገድ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ ስለዚህኛው የሚያስተምር ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

እስቲ በምናውቀው ነገር ላስረዳ። ውጭ አገር ላለ ልጃችሁ የጤፍ ዱቄት ብቻ ብትልኩለት፣ እርሾና ምጣድ፣ መጋገር የሚችል ሰውም ካላገኘ ዱቄቱ ዱቄት ሆኖ ይቀመጣል። ድርቆሽ ብትልኩለት ግን ወጥ ሠርቶ ፈትፍቶ ይበላዋል። ፓይተን በሚባለው ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ልክ እንደ ዱቄቱ ነው። ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ፓይተን ራሱ ስለተጫነ ይጋገራል። ፓይተን ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ ዊንዶውስ “ይህን ፋይል በምን ልክፈተው?” ብሎ ይጠይቃል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ይህን የምጽፈው በሠፈራችን እድር የሆነውን አይቼ ነው። የጎረቤቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለእድሩ የመዋጮ መመዝገቢያ ሠራች፤ መስኮት፣ ቁልፎች፣ የአባላት ዝርዝር፣ የየወሩ ክፍያ ያለው። በኢትዮጵያ ወር የሚቆጥር ነው፣ ለጳጉሜን መዋጮ አይጠይቅም። ይህን ብቻ አይቼ ልጅቷ እድር ምን እንደሆነ የገባት መሆኑን አወቅሁ። መስኮቱንና ቁልፎቹን የሠራችው ከፓይተን ጋር አብሮ በሚመጣው ቲኪንተር ነው። በእሷ ላፕቶፕ ላይ ምንም እንከን አልነበረውም።

የእድሩ ኮምፒውተር ግን ከአንድ መሥሪያ ቤት በስጦታ የተገኘ፣ ዊንዶውስ 7 ያለው፣ ኢንተርኔት የማያውቅ ሽማግሌ ነው። “ጋሼ፣ እዚያ ላይ ፓይተን እንጫንበት?” አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ዛሬ እዚያ ብንጭን ነገ ኮምፒውተሩ ሲቀየር ማን ሊጭነው ነው? ፕሮግራሙ ስንቁን ይዞ መሄድ አለበት።

ለዚህ ሥራ ፓይኢንስቶለር የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ። የተጻፈውን ፕሮግራም፣ ፓይተንን ራሱንና የሚያስፈልጉትን ቤተ መጻሕፍት ሰብስቦ ተጫኑት ሲባል የሚነሣ አንድ ጥቅል ያደርጋል። ጥቂት ኪሎባይት የነበረው የልጅቷ ሥራ ተጠቅልሎ ሲወጣ 10 ሜጋባይት አካባቢ ሆነ። ደንግጣ ነበር። ግን ስንቅ ክብደት አለው፤ ፍላሽ ላይ 10 ሜጋባይት ደግሞ ምንም አይደለም።

የመጀመሪያው ጥቅል እድሩ ቤት ሄዶ አልነሣም። ምክንያቱ የእሷ ላፕቶፕ 64 ቢት፣ የእድሩ ኮምፒውተር ደግሞ 32 ቢት መሆኑ ነው። 64 ቢት የሆነ ፕሮግራም 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፤ ተቃራኒው ግን ይሠራል። 32 ቢት የሆነውን ፓይተን ጭና እንደገና ጠቀለለችው። አሁን ደግሞ አንድ የዊንዶውስ ፋይል ጠፍቷል የሚል መልእክት መጣ። ፋይሉ ጠፍቶ ሳይሆን ዊንዶውስ 7 ላይ ቀድሞም የሌለ ነው፤ ከ3.9 ጀምሮ ያለው ፓይተን ዊንዶውስ 7ን ትቶታል። ወደ 3.8 ወርዳ ሦስተኛ ጊዜ ጠቀለለችው፤ ተነሣ። መስኮቱ ተከፈተ፣ እኛም አጨበጨብን።

በነገራችን ላይ ይህ መሣሪያ የሚጠቀልለው ለተጠቀለለበት ዓይነት ኮምፒውተር ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ የተጠቀለለ ማክ ላይ አይሠራም። የእድሩ ጸሐፊ ልጅ ማክ ስላለው “ለእኔም ላኪልኝ” ቢል ልጅቷ ማክ ተውሳ እዚያው መጠቅለል ይኖርባታል።

ዓርማውም አልታየም ነበር። ምስሉን ከራሷ ላፕቶፕ ዴስክቶፕ ላይ እንዲያነብ አድርጋ ጽፋዋለች፤ የእድሩ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ እሷ በምትባል ሰው ስም የተከፈተ ፎልደር የለም። ፊደሉም ከሌላ ቦታ አውርዳ የጫነችው ስለነበረ እዚያ ሲታጣ በሌላ ተተክቶ፣ “አስቀምጥ” የሚለው ቁልፍ “አስቀ” ላይ ተቆረጠ። ዊንዶውስ 7 ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፊደል ይዞ ስለሚመጣ እሱን መጠቀም በቂ ነበር። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ከሰዓት አለቁ።

ትልቁ ጉዳይ የመጣው በኋላ ነው።

ልጅቷ የመረጠችው ሁሉንም ነገር በአንድ ፋይል የሚጠቀልለውን አማራጭ ነው። ለዓይን ያምራል፤ አንድ ምልክት ብቻ፣ ተጫን፣ ይከፈታል። ግን አንዱ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ውስጡ ያለውን ስንቅ ሁሉ ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይዘረግፋል፣ ሲዘጋም ያንን ፎልደር ይሰርዛል። አሮጌው ዲስክ ላይ መዘርገፉ ጊዜ ስለሚወስድ ገንዘብ ያዧ “እምቢ አለኝ” ብለው ደጋግመው እየተጫኑ በአንድ ጊዜ አራት መስኮት የከፈቱበት ቀን አለ። ያ እንኳ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው፣ የአባላቱ ክፍያ የሚጻፍበት ፋይልም እዚያው ጥቅል ውስጥ አብሮ መታሸጉ ነው። እሷ ቤት ስትሞክረው ሳይጠቀለል ስለሆነ የጻፈችው ሁሉ በቦታው ይቆይ ነበር።

ገንዘብ ያዧ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። እሑድ ከስብሰባ በኋላ ቁጭ ብለው የወሩን መዋጮና ያለፉትን ወራት ክፍያ ከመዝገቡ ላይ እየገለበጡ አስገቡ። የ140 አባወራ ነው። መሽቶባቸው ዘግተው ሄዱ። ማክሰኞ ከአባላቱ በአንዱ ቤት ለቅሶ ሆነ። የእድሩ ዳኛ ለቀብር የሚሰጠውን ገንዘብ ለማውጣት የቤተሰቡን ክፍያ እዩ አሉ፤ በደንባችን ከሦስት ወር በላይ ውዝፍ ያለበት አባል ሳይከፍል ገንዘብ አይወጣለትም። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። የሟች ቤተሰብ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ ምንም አልከፈለም ይላል። ሌላው ሁሉም እንዲሁ።

“ልጄ፣ የእሑዱ ድካሜ የት ሄደ?” አሏት ደውለው። በቁጣ አልነበረም፤ በቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

ዳኛው መዝገቡን አምጡ አሉ። መዝገቡ ላይ ሁሉም ተከፍሏል፤ ገንዘቡ ያንኑ ቀን ወጣ፣ ድንኳኑም ተተከለ። ወረቀቱን “አሁንማ አያስፈልግም” ብለን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈንበት፣ ወይም ከዚያ የባሰ አድርገን ቢሆን ኖሮ ግን ሐዘን ላይ ያለች ሴት በሯ ላይ ቆመን “ውዝፍ አለብሽ” ልንላት ነበር። ፕሮግራም የሚጽፉ ልጆች ይህን እንዲያስቡት እፈልጋለሁ። ያ ሰንጠረዥ ውስጥ ያለው ቁጥር የአንድ ቤት ክብር ነው።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። መረጃው ከጥቅሉ ውጭ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ሲከፈት ኮምፒውተሩ ሰነዶች ፎልደር ውስጥ የእድሩን ፋይል ይፈልጋል፤ ከሌለ ባዶውን ይፈጥራል፣ ካለ እሱን ይከፍታል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ፋይል ሰው በማያየው ፎልደር መደበቅ ይወዳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ቢያንስ ለእድር። ገንዘብ ያዧ ፋይሉን በዓይናቸው አይተው በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ መገልበጥ መቻል አለባቸው።

አንድ ፋይል የሚለውንም ትታ በፎልደር ወደሚጠቀልለው አማራጭ ዞረች። አሁን ቶሎ ይከፈታል። የራሱ ችግር ግን አለው፤ ጸሐፊው ከፎልደሩ ውስጥ ምልክት ያለውን ፋይል ብቻ መርጠው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወሰዱት፣ አልነሣም። ፎልደሩ ሙሉውን ካልሄደ ስንቁ ቤት ቀረ ማለት ነው። ዚፕ አድርጋ ሰጠቻቸው።

ስለ ቫይረስ መከላከያም አንድ ነገር ልበል። በዚህ መንገድ የተጠቀለሉ ፕሮግራሞችን መከላከያው አንዳንድ ጊዜ ያለ ጥፋታቸው ይጠረጥራቸዋል፤ ተንኮለኞችም ያንኑ መጠቅለያ ስለሚጠቀሙበትና ፕሮግራሙ የታወቀ አሳታሚ ፊርማ ስለሌለው ነው። “መከላከያውን አጥፉትና ክፈቱት” የሚል ልጅ ካለ ልጃችሁም ቢሆን እሺ አትበሉት። ያን ፋይል ብቻ ለይቶ መፍቀድ ይቻላል፤ መከላከያው በጠፋ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ በማግስቱ የማን ፍላሽ እንደሚሰካ አይታወቅም።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ልትረዱት የምትችሉት ፕሮግራም ሳታውቁም ነው። ፓይተን የሌለበት ኮምፒውተር ፈልጉለት፤ የአጎት ይሁን የጎረቤት፣ ባረጀ ቁጥር የተሻለ ነው። እዚያ ላይ አንድ ነገር ጻፉበት፣ ዝጉት፣ ኮምፒውተሩንም አጥፉት። አብርታችሁ ስትከፍቱት የጻፋችሁት አለ? ልጁ እጁን ኪሱ ከትቶ ዝም ብሎ ይይ፤ እናንተ ተጫኑ።

የእኛ እድር ዳኛ እስከ መጪው መስከረም ድረስ መዝገቡም ኮምፒውተሩም አብረው ይሂዱ ብለው ወስነዋል። ገንዘብ ያዧ ሁለት ጊዜ መጻፉ ቢሰለቻቸውም ተስማምተዋል። ልጅቷ ባለፈው እሑድ መጥታ አጠገባቸው ተቀምጣ ሁለቱን ስታመሳክር ዋለች፤ ልዩነት የተገኘው በአንድ ስም ላይ ነው፣ እሱም መዝገቡ ላይ በስህተት የተጻፈ ነበር።