በሬው ከቤት ሳይወጣ



በነሐሴ ወር ከገጠር የሚመጣውን የስልክ ጥሪ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የአምናው እህል አልቋል፤ አዲሱ ገና አልደረሰም። እናት ግን ስለ ጤናችሁ ትጠይቃለች እንጂ ስለ ጎተራው አታነሳም። የምትናገረው በሬው ከተሸጠ በኋላ ነው። ስለዚህ እርዳታችን ከመጠኑ ይልቅ በጊዜው እንደሚመዘን ላስታውሳችሁ እወዳለሁ።

ችግር ወደ ገበሬ ቤት የሚገባው ደረጃ በደረጃ ነው። አስቀድሞ ገበታው ይቀነሳል። ቀጥሎ ዶሮውና ፍየሉ ይሸጣሉ፤ ከዘመድም ብድር ይወሰዳል። በመጨረሻ በሬው ገበያ ይወጣል፤ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ከልጆችም አንዱ እንጀራ ፍለጋ ይሰደዳል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 47ን አንብቡ፤ በረሃቡ ዘመን ግብፃውያን ለዮሴፍ የሰጡት መጀመሪያ ገንዘባቸውን፣ ቀጥሎ ከብታቸውን፣ በመጨረሻ መሬታቸውንና ራሳቸውን ነበር።

ፍየል ቢሸጥ ይተካል፤ በሬው ከሄደ ግን የሚመጣው ዓመት አዝመራም አብሮት ይሄዳል። በክፉ ዓመት ሁሉም ሻጭ ስለሚሆን የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ይወደዳል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን እንዲያ የከፋበት አንዱ ምክንያት የከብት በሽታ በሬዎቹን ፈጅቶ ማረሻ የሚጎትት በመጥፋቱ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. በሀገራችን የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ዓላማ ቤተሰብ ጥሪቱን ሳይሸጥ ክፉውን ወቅት እንዲሻገር ነው። መሥራት የሚችሉት እርከን በመሥራትና መንገድ በመጥረግ ገንዘብ ወይም እህል ያገኛሉ፤ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ያለ ሥራ ይደገፋሉ። ሆኖም ፕሮግራሙ ሁሉንም ወረዳ አይደርስም፤ ክፍያው ሲዘገይም በሬው አስቀድሞ ይሸጣል። አንድ በሬ ያላቸውን ጎረቤታሞች የሚያጣምረው መቀናጆም መንደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲቸገር ይፈርሳል።

ስለዚህ የነሐሴውን ጥሪ አትጠብቁ። በግንቦት እናንተ ደውሉ፤ “እህሉ እስከ መቼ ያደርሳችኋል? ዕዳ አለባችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። ለድግስ ከምትልኩት ቀንሳችሁ ለክረምቱ አስቀምጡ። ደመወዝ የሚዘገይበት ወር እንዳለም ለቤተሰባችሁ በግልጽ ንገሩ። ራሳችሁንም ባዶ አታስቀሩ፤ እናንተ ብትታመሙ ወይም ሥራ ብታጡ እዚያ ያለው ቤት ሁሉ አብሮ ይወድቃልና።

ዮሴፍም በባዕድ አገር የኖረ ስደተኛ ነበር። አባቱንና ወንድሞቹን ለመመገብ የቻለው በጥጋቡ ዓመታት እህል ስላከማቸ ነው። እኛም ከዚህ ወር ደመወዝ ጥቂት በማስቀመጥ እንጀምር።

እግዚአብሔር የድካማችሁን ፍሬ ይባርክ።